ቃሉ 7 በመቶ ከሆነ አማርኛችን ምን አደረጋችሁ?

ሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ደብዳቤ ተለቀቀ። የምሠራው በአንድ የግል ባንክ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ለማኔጅመንት የሚቀርብ ፕረዘንቴሽን፣ የክፍሎች ስብሰባ፣ ለትልልቅ ደንበኞች የሚደረግ ገለጻ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሁን ይላል። ራሱም የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ መጀመሪያ የገባችው ኮሜንት «ምን እያሉን ነው? እስቲ አንድ ሰው በአማርኛ ያስረዳን» የምትል ነበረች።

ረቡዕ ደግሞ ሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ ሱፉም ድምፁም ያምራል፣ እሱን አልክድም። ገና ከመጀመሩ ያቺን የለመድናትን ቁጥር መዘዘ። ሰው ሲናገር ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ነው፣ 38 በመቶው የድምፅ ቃና ነው፣ 55 በመቶው ደግሞ ፊትና የሰውነት እንቅስቃሴ ነው አለን። አዳራሹ ሙሉ አጎንብሶ ጻፈ። ሻይ እረፍት ላይ አንድ ኃላፊ ስለ ደብዳቤው ተጠየቁና «አማርኛ ለጨዋታ ነው እንጂ ለቢዝነስ አይሆንም» አሉ። እየሳቁ ነው ያሉት። እኔ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልሳቅኩም።

ቆይ፣ እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ቃሉ 7 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው 93 በመቶ እጅ ማወራጨትና ፈገግታ ከሆነ፣ በየትኛው ቋንቋ ብናወራ ምን አስጨነቃችሁ? ለ7 በመቶ ነው ይኼ ሁሉ ደብዳቤ? በዚህ ስሌት ቻይንኛ የማያውቅ ሰው የቻይና ዜና ከፍቶ 93 በመቶውን ሊረዳ ነው ማለት ነው። ሞክሩት።

ለነገሩ ቁጥሯ የተጫነባትን የምትሸከም አይደለችም። አልበርት መህራቢያን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች ነው የመጣችው። የጠየቀው ነገር ጠባብ ነው። የሚነገረው ቃልና ድምፁ ወይም ፊቱ ሲጣሉ፣ ሰሚው የተናጋሪውን ስሜት በየቱ ይገምታል? ነው ያለው። በአንደኛው ሙከራ ቃሏ አንዲት ነበረች፣ «ምናልባት» የምትል። በተለያየ ቃና ተቀድታ ከፊት ፎቶ ጋር ቀረበች። በቃ። ስለ ብድር ወለድ ያወራ የለም፣ ሪፖርት ያቀረበ የለም። ሰውየው ራሱ ነገሩ ስለ ስሜትና ስለ መውደድ መጥላት ካልሆነ ቀመሩ አይሠራም ብሎ ጽፏል። አንዲት «ምናልባት» ባሕር ተሻግራ ቦሌ ሆቴል አዳራሽ ስትደርስ የቢዝነስ ሕግ ሆነች።

«የደንበኛውን ዓይን አትልቀቁ»ም ተብለናል። እስቲ አንድ የ26 ዓመት ልጅ የ70 ዓመት ነጋዴ ላይ ሳያርገበግብ ሲያፈጥ አስቡት። ሰውየው ስለ ብድሩ አይጠይቅም። «የማን ልጅ ነህ አንተ?» ነው የሚለው።

የእንግሊዝኛው ወገን ሌላ መከራከሪያ አለው። የውጭ ባንኮች ሊገቡ ነው ይላል። እውነት ነው፣ ፓርላማው በታኅሣሥ 2017 በሩን ከፍቶላቸዋል። ግን የሚመጡት ማንን ፈልገው ይመስላችኋል? የእኛን ኃላፊዎች እንግሊዝኛ ናፍቀው? አስመጪውን፣ እህል ነጋዴውን፣ የመርካቶውን ባለ ሱቅ ፈልገው ነው። ሳፋሪኮም በ2014 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ሥራ ሲጀምር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ የሚመልስ የጥሪ ማዕከል ይዞ ነው የመጣው። ናይሮቢ ያደገ ድርጅት በእኛ ቋንቋ ደንበኛ ሲጠራ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገው ባንክ የራሱን ደንበኛ በእንግሊዝኛ ሊሸኝ ነው። (አማርኛ ብቻ ይሁን እያልኩ አይደለም። አዳማ ያለ ደንበኛ በኦሮምኛ ከፈለገ በኦሮምኛ።)

ውጤቱን አስቀድሜ አይቼዋለሁ። አምና አንድ ባልደረባዬ አዲስ የቁጠባ አገልግሎት ለስድስት አስመጪዎች አቀረበ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ነው ያደረው። 34 ስላይድ፣ በእንግሊዝኛ፣ ፊደሉ እንደ መድኃኒት ወረቀት የደቀቀ። 40 ደቂቃ አወራ። ሲጨርስ አንዱ አዛውንት በአክብሮት «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፣ ደክመሃል። አሁን ይኼ ነገር እኔን ስንት ያስወጣኛል?» አሉት። መልሱ ስላይድ 29 ላይ ነበር። ልጁ ስላይዱን ወደ ኋላ ሲያሯሩጥ ላፕቶፑ ቀጥ አለ። ስድስቱም ቡናቸውን ጠጥተው፣ አመስግነው ሄዱ።

የሚገርመው ይኼ የስላይድ አምልኮ የተነሳበት አገር ራሱ እየተጠራጠረው ነው። የአሜሪካው የኢንተርኔት ገበያ የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ገና እ.ኤ.አ. በ2004 ፓወር ፖይንትን ከኩባንያው ከፍተኛ አመራር ስብሰባ አስወጥቷል። በምትኩ በሙሉ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ፣ እስከ ስድስት ገጽ የሚደርስ ሰነድ ይቀርባል። ስብሰባው ሲጀመር ሁሉም ዝም ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ ይከራከሩበታል። እኛ የእነሱን ስንቀዳ እንኳ የጣሉትን ነው የምንለቅመው።

ሽያጭ መማር የፈለገ ሰው ለሠርተፊኬት ከሚከፍል ግማሽ ቀን መርካቶ ይዋል። ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእናቴ ጋር መጋረጃ ልንገዛ ሄድን። ጠባብ ሱቅ፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጨርቅ፣ አንድ ቀጭን ልጅ። ልጁ «ምን ልስጣችሁ» አላለም፣ ጨርቅም አላወረደም። «ማዘር፣ ቤቱ ኮንዶሚኒየም ነው?» አለ። ነው። «ሳሎን ነው መኝታ?» ሳሎን። «ፀሐይ የሚገባው ጠዋት ነው ከሰዓት?» ከሰዓት። «ሕፃን አለ?» የልጅ ልጅ አለ። አራት ጥያቄ ብቻ። ከዚያ ያን ሁሉ ክምር ትቶ ሁለት ጨርቅ አወረደ። እናቴ እንደ ልማዷ እጇን ረከስ ያለው ላይ አሳረፈች። ልጁ ምን አለ? «እሱ እንኳ ለእናንተ አይሆንም። የከሰዓት ፀሐይ ዓመት ሳይሞላ ያነጣዋል።» የራሱን ዕቃ ነው እኮ የሚያማው! ከዚያች ደቂቃ በኋላ እናቴ ያላትን ሁሉ አመነች። ዋጋ ጠራ። እናቴ እንደ ወጉ «ውይ!» አለች። ልጁ ዝም አለ። ይቺን ዝምታ ልብ በሉልኝ፣ እኛ ባንክ ዋጋ ከተጠራ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቅርታ ነው የሚጠየቀው። እናቴ ተነሳች። አልተከተላትም፣ እጇንም አልጎተተም። «ዞር ዞር ብለው ይዩ ማዘር፣ ካልተሻለዎት እዚሁ ነኝ» አለና ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። ሦስት ሱቅ ዞርን። ተመለስን። ትንሽ ቀነሰላት፣ እሷም ያሸነፈች መሰላት። ስፌቱንም ለእሱ ሰጠነው። መስቀያ ዘንጉንም ከእሱ ገዛን።

ይኼ ልጅ ያደረገውን ነው እኛን በሦስት ቀን ሥልጠና ሊያስተምሩን አቅቷቸው የዋሉት። ቀድሞ ጠየቀ፣ ለእኛ የሚሆነውን መረጠ፣ ጉድለቱን ሳንደርስበት ራሱ ነገረን፣ ዋጋውን ሳይንተባተብ ጠርቶ ዝም አለ፣ ስንወጣ በሩን ክፍት ተወልን። ሁሉም በቃል ነው የተሠራው፣ እናቴ በምታውቀው ቃል። እስቲ ቃሉን ከአፉ አውጡበትና የሚቀረውን ተመልከቱ። አንገቱ ላይ ሜትር ያንጠለጠለ ቀጭን ልጅ ነው የሚቀረው። የታክሲ ረዳቱስ? «ሜክሲኮ ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። የት እንደሚሄድ፣ ስንት ቦታ እንደቀረ፣ ለምን መፍጠን እንዳለብህ፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። ስላይድ የለውም።

ከፈለጋችሁ ትልቅ ምሳሌም አለ። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2017 አሥር በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ለሽያጭ አቀረበ። 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን። አገር የሚያውቀው፣ የሚያተርፍ ድርጅት ነው። ቀኑ ተራዝሞ እንኳ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ምክንያቱን የኑሮ ውድነት ነው የሚል ይኖራል፣ ይበል። እኔ ግን አክስቴ 9,900 ብሯን ይዛ የጠየቀችኝን ነው የማውቀው፦ «ቸግሮኝ ልሸጠው ብል ለማን ነው የምሸጠው?» የመርካቶው ልጅ ቢሆን ኖሮ ይኼን ጥያቄ ሳትጠይቀው ነበር የሚመልስላት። እሷ ጋ የደረሰው ማስታወቂያ ግን ስለ ታሪካዊነቱ ነበር። ብሯን መልሳ ቦርሳዋ ከተተች።

ስብሰባውስ? ስብሰባማ በአማርኛም ታሞ ነው ያለው። ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» ሲሉ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ከዚያ ሁላችንም ታች ወርደን ማኪያቶ ይዘን እውነተኛውን ስብሰባ እንጀምራለን። ማን ብድሩን እንደማይመልስ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሪፖርቱን እንዳሳመረ የሚወራው እዚያ ነው። ይሉኝታ አፋችንን ዘግቶት ነው የኖርነው፣ አሁን ደግሞ በዚያ ላይ ሰዋስው ሊጨመርበት ነው። ብድር ክፍል ያሉ አንድ እናት አሉ፣ ሃያ ዓመት የሠሩ፣ የተበዳሪውን አረማመድ አይተው የሚያውቁ። በእንግሊዝኛ ከሆነ አንዲት ቃል አይተነፍሱም። የሚናገረው ትናንት የተቀጠረው፣ አክሰንቱ ያማረለት ልጅ ነው። ከዚያ ብድሩ ሲበላሽ «ለምን አልነገራችሁንም» ይባላል። እናቴ ሰፈር ያለው እድር ይሻላል። ያረፈደ ይቀጣል፣ ዳኛው አጀንዳውን ይናገራል፣ ያልተስማማ እዚያው ይጮኻል፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረማል፣ ያልቃል።

አንድ ነገር ልመን። ከውጭ ባንክ ጋር ስትጻጻፍ እንግሊዝኛ ያስፈልጋል፣ ያውም በደንብ። አማርኛ ስንናገርም ሁሌ ጥሩ አንናገርም፣ «ከማስቻል አንጻር በተቀናጀ መልኩ» እያልን አየር የምንሞላ ሞልተናል። ግን ለዚህ መድኃኒቱ ቋንቋ መቀየር ከሆነ፣ ያው አየር በእንግሊዝኛ ነው የሚሞላው። እንዲያውም ማንም ስለማይረዳው ይመቸዋል።

የሚቀጥለው ማክሰኞ ተረኛው እኔ ነኝ። ስላይድ አልሠራሁም። አንድ ገጽ ነው ያዘጋጀሁት፣ በአማርኛ። የመጀመሪያዋ መስመር «ደንበኛውን ስንት ያስወጣዋል?» ትላለች፣ ከሥሯ ቁጥሩ አለ። አይቻልም ካሉኝ ደግሞ ችግር የለም። 7 በመቶዋን ትቼላቸው 38ቱን በድምፄ፣ 55ቱን በፊቴ አቀርብላቸዋለሁ።