ኮክፒት ውስጥ ዝም ይነቅዛል

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ አንድ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ምሬታቸውን አወጉኝ። «እኛ አውሮፕላን በእጃችን ነው ያበረርነው። አሁን ሁሉ ነገር ስክሪን ሆነ። በዚያ ላይ ክፍል አስገብተው እንዴት እንደምንነጋገር ያስተምሩናል። ሰማይ ላይ ስብሰባ የለም፣ ልጄ!»

ካፒቴኑን ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ስለ ማሽኑ እውነታቸውን ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ከአዲስ አበባ በተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰው አልቋል። አንድ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ሰጠ፤ ሶፍትዌሩ አምኖት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ቁልቁል ደፈቀው። ማሽንን የሚጠራጠር አንጋፋ እንዲያበረኝ እመርጣለሁ።

በሥልጠናው ላይ ግን አልስማማም። ሲአርኤም የሚባለው ይህ የአብራሪዎች የመነጋገርና የመተጋገዝ ሥልጠና ካፒቴኑን ከሥልጣኑ አያወርድም። ውሳኔው የእሳቸው ነው። ታናሹ ያየውን እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ነው የሚያስተምረው።

መጋቢት 1969 የስፔኗ ቴነሪፍ ደሴት በጉም ተሸፍና ነበር። ኬኤልኤም የተባለው የሆላንድ አየር መንገድ ካፒቴን ሌሎችን የሚያሠለጥን አንጋፋ ነው። ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። የበረራ መሐንዲሱ እዚያው ማኮብኮቢያ ላይ የነበረው ሌላ አውሮፕላን መውጣቱን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ በልበ ሙሉነት መውጣቱን ነገረው። መሐንዲሱ ከዚያ በላይ አልገፋም። ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰው ሞተ።

እኛ ዘንድ ደግሞ ይሄ ነገር ይብሳል። ታላቅን «ተሳስተዋል» ማለት ነውር ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ኮክፒት ውስጥ ግን ዝም ይነቅዛል፤ ያውም በሰከንዶች ውስጥ። ረዳት አብራሪውን «ተናገር» ማለት ብቻውን አይበቃም። ካፒቴኑ ራሳቸው ገና ሳይነሱ «ያየኸውን ንገረኝ» ካላሉት ትንፍሽ አይልም።

መስከረም 5 ቀን 1981 ከዚሁ ከባሕር ዳር ሲነሳ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ የገቡበትን አውሮፕላን የከተማችን ትልልቅ ሰዎች ያስታውሱታል። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለው ዱብ ዕዳ ሲመጣ አንድ ጭንቅላት አይበቃም። በዚያው ዓመት ሐምሌ አሜሪካ ውስጥ ዲሲ 10 አውሮፕላን ሲበር የኋላ ሞተሩ ፈነዳና መሪው ጨርሶ አልታዘዝ አለ። ካፒቴን አል ሄይንስ ወደ 30 ሺህ ሰዓት የበረሩ ሰው ነበሩ። እንደ ማንም ተሳፍሮ የነበረ አሠልጣኝ አብራሪ ሊያግዝ ሲመጣ አላባረሩትም፤ የሞተሮቹን ጉልበት እንዲቆጣጠር ሰጡት። ከ296 ሰዎች 184ቱ ተረፉ። ሄይንስ ከዚያ በኋላ በየመድረኩ ያመሰገኑት ይህንኑ ሥልጠና ነው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ኮምፒውተሩን ይጠራጠሩታል። ረዳትዎስ እርስዎን ቢጠራጠር?» አልኳቸው።

ሐይቁን እያዩ ቆዩ። ከዚያ አንድ ሌሊት ለማረፍ ሲወርዱ አንድ ልጅ እግር ረዳት አብራሪ ከፍታቸውን እንዳስታወሳቸው፣ እሳቸውም እንደተቆጡት አጫወቱኝ።

«ልጁ ልክ ነበር» አሉኝ። «እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም።»