እንጨት ፈላጭ አይደለም!

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው፣ ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ተናድጄ ካልጻፍኩ እንቅልፍ እንደማይወስደኝ ታውቃላችሁ። የእንግሊዙ ፓንክ ሮክ ባንድ የዘ ክላሽን ቤዝ ጊታር ተጫዋች፣ የፖል ሲሞኖንን ፎቶ አሳትሜ ግድግዳዬ ላይ እሰቅላለሁ እያልኩ ስንት ወር አደነቆርኳችሁ? ይኸው አሳተምኩ። ግድግዳዬ ግን ባዶውን ነው።

ፍላሼን ይዤ እዚሁ ሀዋሳ ፒያሳ አንድ ማተሚያ ቤት ገባሁ። ስሙን አልጠራም። የምረቃ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ የሙት ዓመት ፎቶ ሲያትሙ የሚውሉበት ቤት ነው። ከኋላዬ ወረፋ አለ። ልጁ ፎቶውን ከፈተው፣ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ ራቅ አለ፣ ከዛ ቤቱ ሁሉ እየሰማ፦

«እህቴ፣ እኚህ እንጨት የሚፈልጡት አባትሽ ናቸው?»

«አባቴ አይደለም። ሙዚቀኛ ነው።»

«እና ምን እየፈለጠ ነው?»

«ቤዝ ጊታሩን እየሰበረ ነው።»

«የሰው?»

«የራሱን!»

ዞር ብሎ ከኋላዬ ለቆሙት እናት «እማማ፣ ሰውየው የገዛ ንብረቱን ነው የሚሰብረው» አላቸው። እሳቸው ደግሞ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ ከልባቸው አዝነው፣ «ጠበል ወስዳችሁት አታውቁም ልጄ?» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ የምረቃ ፎቶ ሊቀበል የመጣ ጎረምሳ ግድግዳ ተደግፎ እንባውን ሲጠርግ አየሁት። ጋውን ለብሶ ያስቃል እንዴ?

በእማማ አልፈርድም። ልጁ ግን አላበቃም። «ፎቶውም እኮ ብዥ ብሏል፣ ጥራት የለውም። ፊቱ የሚታይ ሌላ የለሽም?»

በናታችሁ! ብዥ ያለው ሰውየው እየተወረወረ ስለሆነ ነው! ኒውዮርክ፣ ፓላዲየም አዳራሽ፣ መስከረም እ.ኤ.አ. 1979። ዘ ክላሽ መድረክ ላይ ናቸው። ጠባቂዎቹ ሕዝቡን ከወንበሩ አላስነሣ ብለውታል። ቁጭ ተብሎ ፓንክ ይሰማል? ሰውን እጁን አጣጥፈህ እስክስታ ውረድ እንደማለት ነው። ፖል ሲሞኖን ደሙ ፈላ፣ ፌንደር ቤዙን በአንገቱ ይዞ ከወለሉ ጋር አጋጨው። ፎቶግራፈሯ ፔኒ ስሚዝ ያኔ ነው ያነሣችው። እሷ ራሷ ጥራት የለውም፣ ሽፋን አይሁን ብላ ተከራክራ ነበር። ድምፃዊው ጆ ስትራመር ይሄ ካልሆነ አለ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ የሦስተኛው አልበማቸው ሽፋን ሆኖ ወጣ። የተሰበረው ቤዝ ለንደን ውስጥ ሙዚየም ገብቶ ለሕዝብ ታይቷል። ስብርባሪው! እዚህ ግን ጠበል ይወሰድ ተባለ።

ይሄን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት እኮ። እየነገርኩት መብራት ሄደ። እሱም «ይምጣና አስተካክዬ አትምልሻለሁ» አለኝ። ማስተካከል የሚለውን ስሰማ ፍላሼን ነጥቄ መውጣት ነበረብኝ። ከ40 ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፣ ማሽኑ አጓራ፣ ወረቀቱን ጠቅልሎ ሰጠኝ። 650 ብር ከፈልኩ። በር ላይ ፈታ አድርጌ አየሁት።

ቤዙ የለም።

ከወረቀቱ ልክ ጋር እንዲሄድ ቆርጦታል። ሰውየውን አጉልቶ ቤዙን ጥሎታል። ፖል ደግሞ ጎንበስ ያለ ነው፣ ፊቱ አይታይም። ስለዚህ የያዝኩት 60 በ40 የሆነ ፀጉር ነው። 650 ብር አውጥቼ የሰው ማጅራት!

ተመለስኩ። ቤዙስ ስለው ምን አለኝ መሰላችሁ? «እህቴ፣ ዋናው ሰውየው ነው። ዕቃው ምን ያደርግልሻል?»

ዕቃው። ዕ-ቃ-ው። ገንዘቤን መልስ ስለው «ቀለም ፈጅቷል» አለኝ። እንደገና አትምልኝ ስለው ሌላ 650። ባለሙያው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ ሲለኝ ጥዬው ወጣሁ፣ ወረቀቱን ግን ይዤ፣ ከፍዬበታለሁ።

የባሰ የሚያቃጥለኝ ልጁ ብቻውን አለመሆኑ ነው። አገሩ ሁሉ እንደዚሁ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር የተጫወተውን ባንድ ታስታውሳላችሁ አይደል? ባለቤቱ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል ብሎ የሳውንዱን ልጅ ቤዝ አስቀነሰው። ሳውንዱ ቀዝቃዛ ሹሮ ሆነ። መጨረሻ ላይ መድረክ መሪው ማመስገን ጀመረ፤ በድምፅ እገሊት፣ በሊድ ጊታር እገሌ፣ በኪቦርድ፣ በድራም፣ እናመሰግናለን ደህና እደሩ! ቤዚስቱ ከድራሙ ጎን ቆሞ ስሙን እየጠበቀ ነው። አንድ እግሩን ወደፊት ማራመድ ጀምሮ ነበር፣ እጅ ሊነሣ። መልሶ ሰበሰበው። በዓይኔ አየሁ! «ቤዙስ!» ብዬ ጮኬ ጎን ያለው ጠረጴዛ ገላመጠኝ። ልጁ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነኝ።

ጆቫኒ ሪኮን ከእናንተ መሀል ስንታችሁ ታውቃላችሁ? የሮሃ ባንድ ቤዝ። ወላጆቻችን የደነሱት፣ የተጋቡት በሱ ጣት ነው። ካሴቱ ላይ የሚታየው ፊት ግን የዘፋኙ ነው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ «ቤዝ እኮ ቢኖርም ባይኖርም አይታወቅም» ይለኛል። የሚያዳምጠው በስልኩ ስፒከር! የቤዝ ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ መንቀጥቀጥ ማለት ነው፣ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ። ጥፍር የሚያህል ስፒከር ያንን ከየት ያመጣዋል? የማይሰማህ ስለሌለ አይደለም፣ ስልክህ ስለማይችል ነው አልኩት። «እሺ ፕሮፌሰር» ብሎኝ አሳውን መብላት ቀጠለ። ሻሸመኔ አፍንጫችን ሥር ነው፣ ሬጌ ደረታችንን እየመታው ያደግን ልጆች ነን፣ እንዴት ቤዝ ለኛ ይብራራል? ፖልም እኮ የጃማይካ ሰው በሞላበት የለንደን ሰፈር፣ ብሪክስተን ነው ጆሮው የተከፈተው። የራሱ ዘፈን ውስጥ ያለው ቤዝ ከዚያ ሰፈር የመጣ ነው።

ሲጀምር ደግሞ መጫወት አይችልም ነበር። የሥዕል ተማሪ ነው። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመሠረት ኖታው የት እንዳለ እንዳይጠፋው የቤዙ አንገት ላይ በቀለም ጽፎ ነው የገባበት። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬ ነው። አልችልም ብሎ አልተቀመጠም፣ ብሩሹን አንሥቶ ጻፈና ወጣ።

እሺ፣ ማተሚያ ቤቱ አልፎ ባጃጅ። ወደ አቶቴ ልሄድ ስል ሹፌሩ ጥቅሉን አየና «ዕቃ ይዘሻል፣ ኮንትራት ነው» አለኝ። ወረቀት! ዛሬ ዕቃ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ነው የሰማሁት፣ ሦስተኛ ብሰማ ሐይቅ እገባ ነበር። ተሳፈርኩ። ከወንበሩ ሥር ይህን የሚያህል ቡፈር አስገብቷል፣ አከርካሪዬ እስኪፈታ ቤዝ ይደበድበኛል። ቤዚስቱ ማነው ብለው «ምን?» አለኝ። ቤዙን ለመስማት ከመኪናው ዋጋ የማይተናነስ ያወጣል፣ የሚጫወተውን አንድ ሰው አያውቅም!

ደከመኝ። ግን ይሄን ሳልነግራችሁ አልተኛም። እ.ኤ.አ. በ2011 ፖል የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የግሪንፒስ መርከብ ላይ ተሳፈረ፣ ግሪንላንድ ላይ የሚቆፈረውን ነዳጅ ለመቃወም። እንደ ታዋቂ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ «ፖል ረዳት ምግብ አብሳይ» ተብሎ! ሽንኩርት ሲልጥላቸው፣ ሲያበስልላቸው ከረመ፣ መርከበኞቹ ማን እንደሆነ አያውቁም። ከዛ ከሌሎቹ ጋር መቆፈሪያው ላይ ወጥቶ ተይዞ ግሪንላንድ ሁለት ሳምንት ታሰረ። ማንነቱ የተነገራቸው ጉዞው ሲያበቃ ነው። ያን ሁሉ ቀን ወጡን ሲበሉ የነበሩት የዚያ ሰውዬን እጅ ነው! እኔ ብሆን ሳህኑን አላጥበውም ነበር።

አሁን ወረቀቱ አልጋዬ ላይ ነው፣ ባጃጁ ውስጥ ተጣጥፎ መሀሉ ተሰብሯል። ልቀደው አነሣሁና አስቀመጥኩት፣ ፀጉሩም ቢሆን የሱ ነው። ፍላሹ ኪሴ ውስጥ ነው። ሀዋሳ ውስጥ ሳይቆርጥ፣ ሳያስተካክል፣ ብዥታውን ከነብዥታው የሚያትም ቤት የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሪፈራል ማዶም ቢሆን እሄዳለሁ። ነገ ከሰዓት ሥራ የለኝም።