ተልባ ከኮሎኝ

በነሐሴ ደሴ ስገባ ለሠዓሊው ጓደኛዬ የያዝኩለት ስጦታ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ነበር። እናቱ ክዳኑን ከፍተው አሸተቱና «ይህ እኮ ተልባ ነው» አሉ። «ልጄ፣ ተልባ ከጀርመን ታመጣልናለህ?»

እውነታቸውን ነው። የዘይት ቀለም ማለት የደቀቀ ቀለም በተልባ ዘይት ተለውሶ ነው፤ የወሎ ደጋ ደግሞ ተልባ አይቸግረውም። የሚቸግረው ለሥዕል አጣርቶ የሚሸጥ ሱቅ ነው። እኔ በምኖርባትና ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል በተማረባት ኮሎኝ ግን ጥሬው፣ የተፈላው፣ በፀሐይ የወፈረው ሁሉ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል።

እዚያ ጎረቤቴ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ናት። የሰው ስብስብ መሣል ስለምትወድ ትጓዛለች። በየዓመቱ ገበያና ሠርግ ፍለጋ ወጥታ፣ ፎቶና ጥቂት ንድፍ ይዛ ትመለስና ክረምቱን ሙሉ በሯን ዘግታ ትሥላለች። ማንም አያንኳኳባትም። በስድስት ዓመት ጉርብትና ሥራዋን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በጥሪ ካርድ።

የደሴውን ሠዓሊ ግን ስብስቡ ራሱ ፈልጎት ይመጣል። ያገኘሁት የዱዓ ሥዕል ጀምሮ ነው፦ የዕጣኑ ጭስ፣ ጀበናው፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች። ነገር ግን እንግዳ ቤት ካለ ቡናው በረካ ሳይደርስ ብሩሽ ማንሳት ነውር ነው። በረካው ሲጠጣ ደግሞ የቅሬ ጡሩንባ ይነፋል። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ስለሚቀብር «እኔን አይመለከተኝም» የሚባል ለቅሶ የለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ በሥራ ያሳለፈውን ብቆጥር አራት ቀን አልሞላም። ሰዓት መቁጠር የለመደ አንጀቴ ተቃጠለ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ገብተው ሸራው ፊት ቆሙ። ስለ ቀለሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። «እኔን በር ላይ አስቀመጥከኝ» አሉ። «እዚያ የሚቀመጠው ጫማ የሚያስተካክለው ልጅ ነው።» ጓደኛዬ ሳቀ፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ግን በጨርቅ ጠርጎ ሽማግሌውን ወደ መደቡ ራስ አዛወራቸው። በሩ አጠገብ ባዶ ጨለማ ቀረ፤ ሥዕሉም ተሻለው። ኮሎኝ ውስጥ በኤግዚቢሽን ላይ ወይን ይዘው ስለ ብርሃኑ የሚራቀቁ ብዙ ሰምቻለሁ፤ የመቀመጫዬ ነገር ያለ ግን አልገጠመኝም።

ከዚያ መድረቁ አለ። የዘይት ቀለም እንደ ውሃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው፤ ሙቀትና ብርሃንም ያግዘዋል። የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት ወር ይህ የማይታሰብ ስለሆነ ጓደኛዬ ሥዕሉን ኮምቦልቻ እህቱ ቤት ያወርዳል፤ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ዞሮ ዞሮ፣ በሚኒባስ። እርጥቡን ሸራ ፊቱን ወደ ጣሪያ አድርገን ጭናችን ላይ ይዘን ወረድን።

ከኋላችን የተቀመጡ እናት አንገታቸውን አስግገው ብዙ አዩ።

«ለቅሶ ነው ወይስ ሠርግ?»

«ዱዓ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ቡናውን ማን ይቀዳል?»

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ሸራውን አየ። ጀበናው አጠገብ ሰው አልነበረም።