ክቡር ወረፋ ሆይ፣ ምነው እርስዎም ተለወጡ?

ለ፦ ክቡር ወረፋ
የመዝናኛ ፓርኮች ሁሉ ነባር ነዋሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃዳችን በመለወጥዎ ቅሬታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ሰላምታው እንደ ልማድዎ በዝግታም ቢሆን እንደሚደርስዎ እንተማመናለን። ይህን ደብዳቤ እንድንጽፍ ያስገደደን፣ ከልጅነት ጓደኞቻችን ጋር ተጠራርተን፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቀድሞው የመዝናኛ ፓርካችን ስንመለስ ያየነው ነገር ነው።

ፓርኩ መለወጡ ራሱ አላስከፋንም፤ ቢያንስ አላስከፋንም ለማለት ቃል ተገባብተን ነበር የሄድነው። ሽቅብ ሲወጣ አጥንቱ እየተንቋቋ ያስጨንቀን የነበረው፣ በሐዲድ ላይ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረው የእንጨት ባቡር፣ ሮለር ኮስተሩ፣ ፈርሶ፣ በምትኩ ሰውን ወንበር ላይ አስሮ፣ ዐይኑን በመነጽር ሸፍኖ፣ ከቦታው ሳያንቀሳቅስ አበረርኩህ የሚል አዳራሽ ቆሟል። የጀልባው ኩሬ ተደፍኖ የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ሆኗል፤ የምን መታሰቢያ እንደሆነ የነገረን ባይኖርም ምናልባት የኩሬው ይሆናል። በልጅነታችን በእግር ጣታችን ቆመን ልናታልለው የምንሞክረው የቁመት መለኪያ ሰሌዳ ግን በቦታው አለ። ዛሬ ዐይናችን ያረፈው ከመለኪያው ላይ ሳይሆን ከሥሩ በተጻፈው፣ ያኔ ማናችንም አንብበነው በማናውቀው፣ የጀርባ ሕመም፣ የደም ግፊትና የልብ ችግር ያለባቸው ሰዎች እንዳይሳፈሩ በሚከለክለው ማስጠንቀቂያ ላይ ነው። ከመካከላችን ሁለቱ ጽሑፉን ምንም ሳይናገሩ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ተስፋችንን የጣልነው በእርስዎ ላይ ነበር። ሰው ያረጃል፣ እንጨት ይበሰብሳል፣ ወረፋ ግን ምን ሊሆን ይችላል ብለን ተጽናናን። እንዲህ የተማመንነውም ታሪክዎን ስለምናውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ላማርከስ ቶምሰን በኒው ዮርክ ኮኒ ደሴት ቁልቁል የሚንሸራተት ሐዲዱን ሲከፍት፣ ሠረገላው በሰዓት የሚጓዘው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለነበር ደህና የሚሮጥ ሰው ይቀድመው ነበር፤ ሆኖም ሕዝቡ 5 ሳንቲሙን ይዞ ለዚያ ሠረገላ ሲል እርስዎ ዘንድ ቆመ። የካሊፎርኒያው የመዝናኛ ፓርክ ዲዝኒላንድ ከኤ እስከ ኢ በደረጃ የተከፋፈለውን የመጫወቻ ኩፖን እ.ኤ.አ. በ1982 ሲያስቀር ደግሞ፣ በር ላይ አንዴ የከፈለ ሰው ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ በነፃ ያገኘ ስለሚመስለው፣ የእርስዎ መወፈር የማይቀር ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቁን፤ ቀድሞ የመጣ ይቅደም፣ ዘግይቶ የመጣ ከኋላ ይቁም።

ከእርስዎ ጋር ያሳለፍናቸውን ሰዓታት እንዴት እንርሳ? በገመድ መካከል ታጥፈውና ተጠማዝዘው ሲጓዙ፣ አንድን የማናውቀውን ቤተሰብ በየመታጠፊያው እየደጋገምን እናገኘው ነበር። በመጀመሪያው መታጠፊያ ተያየን፣ በሁለተኛው ተሣሣቅን፣ በሦስተኛው ትንሹ ልጃቸው የሁላችንንም ስም ያውቃል። መጸዳጃ ቤት የሄደ ጓደኛችን «እዚህ ጋ ነበርኩ» እያለ ሰው መካከል እየተሽሎከሎከ ሲመለስ ከኋላ የሚነሣው ጉምጉምታ፣ ለእርሱ ስንሟገት ያሳየነው የጥብቅና ችሎታ፣ ፊት ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል በሚል የተጣልናቸው ጥሎች፣ ከመድረሳችን በፊትም የታረቅናቸው እርቆች ሁሉ የእርስዎ ውለታ ናቸው። ግልቢያው ራሱ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር፤ ከእርሱም የምናስታውሰው ጩኸታችንን ብቻ ነው። ስለ አገልግሎት አሰጣጥ የጻፈው ዴቪድ ሜይስተር እ.ኤ.አ. በ1985 እንዳስረዳው፣ ሥራ የያዘ ሰው ጊዜው ያጥርለታል፣ ሥራ ፈትቶ የቆመ ሰው ግን ይረዝምበታል። የእኛ ሥራ እርስ በርስ መነዛነዝ ነበር፤ ሥራውም ሞልቶ የተረፈ ነበር።

ታዲያ አሁን ምን ሆነው ጠበቁን? በሩን አልፈን የት ነዎት ብለን ብንጠይቅ፣ ወደ ስልካችን መግባትዎን አንዲት ትሑት ሠራተኛ ነገረችን። አፑን ጫንን፤ የይለፍ ቃል ሰጠን፤ የልደት ቀናችንን ነገርነው፤ ከዚያም ለአንዱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ለሌላው ዘጠኝ ተኩል፣ ለቀሪዎቻችን አሥራ አንድ ሰዓት ተመደበልን። ትኬታችንን በየግል ገዝተን ስለነበር ጓደኛሞች መሆናችንን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወዳጅነት ቡድን ሆኖ አልተመዘገበም። ስለዚህ በየአግዳሚ ወንበሩ ተበትነን፣ አንገታችንን ደፍተን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችንን እርስዎን ስንመለከት ዋልን። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎችም እንደዚያው ነበሩ። ያ ጓደኛችን፣ መጸዳጃ ቤት ሄዶ በሚመለስበት ጊዜ ስንት የተሟገትንለት ሰው፣ ባትሪው አልቆበት ተራው ሲሰረዝ የምንሟገተው አካል አጣን። ከአፕ ጋር ማን ይጣላል?

ይባስ ብሎ ፈጣን መስመር የሚባል፣ ከእርስዎ ጋር ሳይቆሙ የሚያልፉበት የእንጀራ ወንድም አፍርተዋል። ልጁ ሲወለድ ጨዋ እንደነበር አንክድም፤ በፍሎሪዳው ዋልት ዲዝኒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፋስትፓስ ተብሎ ሲጀመር፣ የመመለሻ ሰዓት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ለሁሉም በነፃ የሚሰጥበት አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ነፃው ቀርቶ በሚከፈልበት ተተካ። በእኛም ፓርክ መንገዱ ያው ነው። የሒሳቡን ነገር ክቡርነትዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ቢሆንም እናስታውስዎ። 24 ሰው የሚይዝ ባቡር በየደቂቃው ቢነሣ በሰዓት 1440 ሰው ያሳፍራል፤ ከፊታችን 1440 ሰው ካለ አንድ ሰዓት እንቆማለን ማለት ነው። ከመቀመጫዎቹ ግማሹ ለፈጣኑ መስመር ሲሰጥ ለእኛ የሚቀረው በሰዓት 720 ነው፤ ቆመን የምንጠብቀውም ሁለት ሰዓት ይሆናል። ባቡሩ ላይ አንድም ወንበር አልተጨመረም፤ የተሸጠው ከእኛ የተወሰደው ሰዓት ነው። ገዢዎቹ በአጠገባችን ሲያልፉ ዐይናቸውን ወደ መሬት ያደርጋሉ፤ ለዚህ ጨዋነታቸው እናመሰግናለን።

በመጨረሻ መላ የዘየደልን ወጣቱ አስተናጋጅ ነበር። ብቻውን ለመጣ ሰው የሚሆን፣ ባዶ የቀሩ ወንበሮችን የሚሞላ አጭር መስመር እንዳለ ጠቁሞን፣ «ከተለያያችሁ ቶሎ ትገባላችሁ» አለን። ክፋት የለበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረው። ተለያየን፣ ቶሎ ገባን፣ እያንዳንዳችን ከማናውቀው ሰው ጎን ተቀምጠን በየተራ ጮህን፣ ከወጣን በኋላም በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው ተገናኝተን እንዴት ነበር ተባባልን። «ጥሩ ነበር» ተባለ። ከዚህ የበለጠ የምንጨዋወተው አልነበረንም፤ ምክንያቱም አብረን ያደረግነው ነገር አልነበረም።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ከስልካችን ወጥተው፣ በቀድሞው አካልዎና በቀድሞው ገመድዎ ወደ ፓርኩ እንዲመለሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ያኔ በፀሐይ ቆመን የሰነዘርንብዎት እርግማን ሁሉ በቤተሰብ መካከል እንደተባለ ይቆጠርልን። ጉልበታችን እንደ ቀድሞው ስላልሆነ በየሦስት መታጠፊያው አንድ አግዳሚ ወንበር ቢጨመር አንጠላም፤ ይህ ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ዘመን የለወጠው አይመለስም የሚል መልስ እንዳይሰጡንም እናሳስባለን፤ በዴንማርክ ኮፐንሃገን ቲቮሊ በተባለው የመዝናኛ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1914 የተከፈተው የእንጨት ሮለር ኮስተር ዛሬም ፍሬን የሚይዝ ሠራተኛ ባቡሩ ላይ ተሳፍሮበት ይጓዛል። አንድ ፍሬን ያዥ ከመቶ ዓመት በላይ ከቦታው ካልተነሣ፣ ለአንድ ገመድ ቦታ አይጠፋም።

ምላሽዎን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በስልክ የሚላክ የማሳወቂያ ድምፅ እንደ ምላሽ አይቆጠርም።

ከሰላምታ ጋር
በየወንበሩ የተበተኑት የቀድሞ ደንበኞችዎ

ግልባጭ፦ ለፈጣን መስመር (ተጨማሪ ክፍያ ካልፈጸምን ቀድሞ እንደማይደርሰው ስለተነገረን በተራ ፖስታ የተላከ)