ገዳም ሆቴል ሲሆን

«ገዳም እንዴት ሆቴል ይሆናል?» ብለው ነገሩን የጀመሩት እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው ጀርመን አገር፣ ኮንስታንዝ ከተማ ወስዳ፣ ከሐይቁ ዳር ትንሽ ደሴት ላይ ያለውን ኢንዝል ሆቴል አሳይታቸው መመለሳቸው ነበር። መነኮሳት ሲመላለሱበት የኖሩት ባለ ቅስት መተላለፊያ ዛሬም አለ፤ ግድግዳው ላይ የደሴቲቱ ታሪክ በሥዕል ተስሏል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን የግብዣ አዳራሽ ሆኗል። «ጸሎት ሲደርስበት በኖረ ቤት ብርጭቆ ሲጋጭበት!» አሉ፣ ስኒያቸውን ወደ ጎን ገፋ አድርገው።

ዕድሜያቸውን በሆቴል ሥራ ያሳለፉት ጋሼ አልተዋጠላቸውም። «እትዬ፣ መነኮሳቱን ያስወጣቸው እኮ ሆቴሉ አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን የገቡትን ዶሚኒካን የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1785 የበተናቸው ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዮሴፍ ነው። ቦታው ከጄኔቫ ለመጣ ማኬር ለሚባል ባለሀብት ተሰጠና የጥጥ ጨርቅ ማተሚያ ፋብሪካ ሆነ። ሆቴል የሆነው በ1870ዎቹ ነው፤ ያውም በዚያው ቤተሰብ እጅ። በአየር መርከቡ ስሙ የተጠራው፣ በእናቱ ከማኬር ቤተሰብ የሚወለደው ፈርዲናንድ ፎን ዜፔሊን በ1838 የተወለደው እዚያው ነው፤ ሆቴሉን ያቋቋመው ወንድሙ ነው። እንግዳ ከፍሎ ባያድርበት ጣሪያውን ማን ያድሰው ነበር?»

«ጣሪያ ለማደስ ሲባል መቅደስ አይሸጥም!»

ይህን ጊዜ ነው ታሪክ የሚያጠናው ወጣት የገባበት። «ሁለታችሁም እስረኛውን ረሳችሁት» አለ። በ1414 ሦስት ሰዎች እኔ ነኝ የሮማው ጳጳስ በሚሉበት ዘመን፣ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ታላቅ ጉባኤ ኮንስታንዝ ላይ ተጠራ። የቦሄሚያው (የዛሬዋ ቼክ) ሰባኪ ያን ሁስ የጀርመኑ ንጉሥ ሲጊስሙንድ ቃል የገባለትን የዋስትና ደብዳቤ ተማምኖ መጣ። በመናፍቅነት ከሰው አሰሩት። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ በዚሁ ገዳም፣ ሐይቁ አፍ ላይ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለ ክፍል ተዘጋበት። ከእርጥበቱና ከሽታው የተነሣ ታሞ ለሞት ተቃረበ። እንዲያም ሆኖ ጠባቂዎቹ ጠይቀውት ስለ አሥርቱ ትእዛዛት፣ ስለ አባታችን ሆይ ጸሎትና ስለ ጋብቻ አጫጭር ጽሑፎች ጻፈላቸው። በመጋቢት ወደ ሌላ እስር ቤት ተዛወረ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1415 በእሳት ተቃጠለ፤ አመዱም ራይን ወንዝ ውስጥ ተበተነ።

እትዬ ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ይህ ይብሳል እንጂ! ሰው በተሰቃየበት ቦታ እራት ይበላል?» አሉ። ጋሼም ያቺ ክፍል ብቻ ለመታሰቢያ ብትቀር ይበቃል ባይ ናቸው፤ ወጣቱ ግን ሕንፃው በሙሉ ሙዚየም መሆን ነበረበት አለ። እስከ ምሽት ሳይስማሙ ቆዩ።

እኔ በዚህ ክርክር ከጋሼ ጎን ነኝ፤ ሆኖም ምክንያቴ ጣሪያው አይደለም። እትዬ የሚያዝኑለት ቅድስና የተደፈረው አስተናጋጅ ወይን ሲቀዳ አይደለም። በደሴቲቱ ላይ ከተፈጸመው ሁሉ የከፋው የተፈጸመው ገዳም በነበረችበት ዘመን፣ ደወል በየሰዓቱ እየተደወለ፣ መነኮሳቱ ጸሎት ላይ ቆመው ሳለ ነው። ጨርቅ አታሚውም ሆነ ሆቴለኛው ሰው አላሰሩባትም። ሙዚየም ማድረግም ይህን አይሽረውም። ከሆቴሉ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ ለእንግዳው የአየር መርከቡን ሰው ልደት በኩራት ሲተርክ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ስለታሰረው ሰውም ያንኑ ያህል ጊዜ ሰጥቶ ይተርክለት።