ጫቱ ወደ አረቄው ሲወስድ
ስለ ሱስ ያነበብኩት ጽሑፍ ጫትንና መጠጥን ለየብቻ ማየቱ ቅር አሰኝቶኛል። ታናሽ ወንድሜ መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። ለጥናት ብሎ ጫት ጀመረ። በጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይነሳል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዓይኑ ፈጥጦ ጣሪያ ያይ ነበር። ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» ተባለ፤ መጀመሪያ አንድ ቢራ፣ ቆይቶ አረቄ። ጠዋት ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት።

እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ኒኮቲን አስቀድመው የወሰዱ አይጦች ለኮኬይን የሚሰጡት ምላሽ እንደሚጠነክር፣ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ግን እንዲህ እንደማይሆን አሳይቷል። ቅደም ተከተል ለውጥ ያመጣል ማለት ነው! ሐኪሞቻችን «ምን ትወስዳለህ?» ብቻ ሳይሆን «ከምን ቀጥሎ?» ብለው እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ወንድሜን መጠጡን ብቻ አስተዉት፤ በሁለተኛው ሳምንት ጫቱ መልሶ አረቄ ቤት አስቀመጠው።