ነፍስ ይማርን ማን እንደ እኛ!

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ቡና የምጠጣባት ቤት አለች። ከጦሳ የወረደው ጉም እስከ ደጃፏ ይመጣና የጀበናውን እንፋሎት ከጉሙ መለየት ያስቸግራል። በዚያች ሰዓት እኛ ደንበኞቿ ተሰብስበን ሥራችንን እንሠራለን። ሥራችን ማዘን ነው። አንድ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ባረፈ ማግስት እንደ እኛ ተግቶ የሚያዝን ሕዝብ ከወዴት ይገኛል?

ከሁላችንም የሚልቀው የፎቶግራፉ ሊቅ ነው። ይህ ወዳጄ መርዶው በተሰማ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሟቹ ጋር የተነሣውን ፎቶ ይለጥፋል። ከሟቹ ግራ ጆሮውና ግማሽ ፈገግታው ይታያል፤ ወዳጄ ግን ከነጫማው ሙሉ ነው። ከሥሩ «ቃል አጠረኝ» ብሎ ይጀምራል፤ ያጠረው ቃል ሁለት ገጽ ይሆናል። አንድ ተኩሉ ገጽ ስለ ራሱ ነው፦ ሟቹን የት እንዳገኘው፣ ሟቹ ምን ብሎ እንዳደነቀው፣ የዚያን ዕለት ሻይ የጋበዘው ማን እንደሆነ። የሟቹ ሥራ ሳይነሣ ይቀራል። እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል።

ድሮ ለቅሶ አድካሚ ነበር። የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቀስተኛ ወገቡ እስኪቆረጥ ይቀመጣል። ዛሬ ሻማውንም ነጩንም ርግብ በአውራ ጣታችን አስቀምጠን፣ ሰልስቱ ሳይወጣ ወደሚቀጥለው ሟች እናልፋለን። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ከትጋታችን ብዛት ሰውየው እስኪሞት መጠበቅ ያቅተናል። በሕይወት ያለ አርቲስት ወጥቶ «አለሁ፣ ደህና ነኝ» ብሎ እስኪያስተባብል ድረስ እናለቅስለታለን። ማስተባበያውንም ቅር እያለን ነው የምናነበው። የጻፍነው ሁለት ገጽ ምን ሊሆን ነው?

እኛ ወሎዬዎች በዚህ ጉዳይ ብንኮራ ያምርብናል። ከአራቱ ቅኝቶች አምባሰልና ባቲ ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው፤ ትዝታንም ለሌላ አሳልፈን የምንሰጥ ሰዎች አይደለንም። ባለሙያዎች ቅኝት ማለት ክራርና ማሲንቆ የሚቃኙበት የድምፅ ሥርዓት ነው ይላሉ። ይበሉ። ትዝታ እኛ ዘንድ የመኖሪያ አድራሻ ነው።

ለአርቲስቶቻችን የዋልነው ውለታ ደግሞ የዛሬ አይደለም። በካሴት ዘመን ባዶ የ90 ደቂቃ ካሴት እንገዛና ሙዚቃ ቤት እንወስዳለን፤ ባለቤቱ ከሦስት ከአራት ዘፋኝ ምርጥ ምርጡን መርጦ ይቀዳልናል። ለባዶው ካሴት ለነጋዴው ከፈልን፣ ለቅጂው ለሙዚቃ ቤቱ ከፈልን፣ ለዘፋኙ ደግሞ ፍቅራችንን ሰጠነው። ክሩ በቴፑ ጥርስ ሲበላ በቢክ እስክሪብቶ እያሽከረከርን፣ የተበጠሰውን በጥፍር ቀለም እየቀጠልን ያዳንነው እኛው ነን። ኋላ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣና የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ተባለ። ከዚህ ሁሉ እኛ የወደድናት «ከሞተም በኋላ» የምትለዋን ብቻ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ፋሲካ ዕለት ጥላሁን ገሠሠ ሲያርፍ ያላለቀሰ አልነበረም። እኔም የዶሮ ወጡ ሽታ ከጣቴ ሳይለቅ አለቀስኩ። በቤቴ ሰባት የጥላሁን ካሴቶች ነበሩ። የሰባቱም ሽፋን በእጅ የተጻፈ ነው፤ ጽሕፈቱም የእኔ ነው።

ሙሉቀን መለሰን ደግሞ ተመልከቱት። ዓለማዊውን ዘፈን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ የምዘምረው ለአምላኬ ነው ብሎ አሥርተ ዓመታት ኖረ። እኛም አሥርተ ዓመታት ሙሉ «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያልን ጠየቅን። በ2016 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ የተዋቸውን ዘፈኖች ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርገን ከፈትንና እንባችንን አፈሰስን። መዝሙሮቹን አልከፈትንም፤ ቡና ቤቱ ውስጥ የሚያውቃቸውም አልነበረም። በሕይወቱ እምቢ ያለንን በሞቱ እሺ አስባልነው።

የሟች ደግነቱ ይኸው ነው። አይከራከርም። የመግቢያ ዋጋ አይጨምርም። አዲስ ሥራ አውጥቶ «እንደ ድሮው አይደለም» አያሰኘንም። በሕይወት ያለ አርቲስት ግን ያረጃል፣ ይታመማል፣ አንዳንዴም የቤት ኪራይ ያነሣል። ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም የሚለውን አባቶቻችን ለወቀሳ ተናገሩት፤ እኛ መመሪያ አደረግነው።

በቀደም እንዲሁ አንድ የድሮ ዘፋኝ አርፎ በሐዘን ላይ ሳለን አንድ ሽማግሌ ወደ ቡና ቤቷ ገቡ። ካፊያ ስለነበር ማሲንቋቸውን በላስቲክ ጠቅልለውታል። በሩ ሥር ቆመው ላስቲኩን ፈቱ፣ ውሃውን አራገፉ፣ ደጋኑን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና አምባሰል ጀመሩ። ድምፃቸው ሻክሯል፤ ጣታቸው ግን ክሯ ላይ አልሳተም። ሁለት ስንኝ ሳይሞሉ የፎቶግራፉ ሊቅ እጁን አነሣ።

«አባባ፣ ዛሬ ሐዘን ላይ ነን። እግዜር ይስጥልን።»

ደጋኑን አወረዱ። «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ ልጆቼ?»

የዘፋኙን ስም ነገርናቸው። ሽማግሌው ግድግዳውን ተደገፉ። ጥቂት ቆይተው «እሱማ ወንድሜ ነበር» አሉ። «በኪነት ጊዜ አንድ ክፍል እናድር ነበር። ብርድ ልብሳችን አንድ ነበረች፤ ወደ ራሱ ሲስባት እኔ እበርዳለሁ፣ እኔ ስስባት እሱ ይነቃና ይዘፍንብኛል።»

ቡና ቤቱ ጸጥ አለ። የፎቶግራፉ ሊቅ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ቀረባቸው። ዓይኑ በራ።

«አብራችሁ የተነሣችሁት ፎቶ አለዎት?»

«ኧረ የለኝም። ያኔ ማን ያነሣናል?»

«ፎቶ ከሌለማ…» አለና ተመልሶ ተቀመጠ። እኛም ወደየስልካችን ተመለስን። ወንበር ያቀረበላቸውም ሆነ ቡና ያስቀዳላቸው አልነበረም፤ ሁላችንም እየጻፍን ነበርና። ማሲንቋቸውን መልሰው በላስቲክ ጠቀለሉ፣ ቋጠሮውን ሁለቴ አጠበቁ፣ «እንግዲህ አብሽሩ ልጆቼ» ብለውን ወጡ።

እኔ ግን እንደሌሎቹ አይደለሁም፤ ነገ ይታየኛል። ተከትያቸው ወጣሁና ደጃፉ ላይ አስቆምኳቸው። ትከሻቸውን አቅፌ፣ ማሲንቋቸው እንዲታይ ላስቲኩን ገለጥ አድርጌ ሦስት ፎቶ ተነሣሁ። በሁለተኛው ጥሩ ወጥቻለሁ። ለጊዜው አልለጥፈውም፤ በስልኬ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ። ግድ የለም፤ በዕለቱ ከመርዶው ላይ አገኘዋለሁ።